አንድ እጅጌ የጎደለው ሹራብ

እትዬ ቡርቱካን ጠዋት ጠዋት ሰላም ሊላቸው የገባን ሰው መጀመሪያ የሚይዙት እጁን ሳይሆን እጅጌውን ነው። ጫፉን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ይዘው አንዴ ያሹታል፤ ከዚያ እንደ ሞተ ዝንብ ጣል ያደርጉትና ጣታቸውን ቀሚሳቸው ላይ ይጠርጋሉ። «ወአለይኩም ሰላም» የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

አንዳንዱን ሰው በዝምታ ያልፉታል። አንዳንዱን «ይሄ ፕላስቲክ ነው የኔ ልጅ፤ እሳት አጠገብ አትቀመጥ» ይሉታል። አንድ ጊዜ ከሲሪንቃ የመጣ የእርሻ ባለሙያ፣ ደረቱ ላይ የውጭ ፊደል የተጻፈበት ሹራብ ለብሶ ባለቤታቸውን ሊጠይቅ ገባ። እጅጌውን አሹት፤ ለቀቁት፤ ጣታቸውን ጠረጉ። ሰውዬው ግራ ገብቶት «ቆሽሿል እንዴ እማማ?» አለ።

«ኧረ እሱስ ንጹሕ ነው» አሉት። «ሹራብ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር።»

መርሳ ሹራብ የሚያስለብስ አገር አይደለም። ማንጎና ፓፓያ የሚበቅልበት፣ እኩለ ቀን ላይ ውሻ ሳይቀር ጥላ የሚፈልግበት ቦታ ነው። እትዬ ቡርቱካን ግን እዚሁ መርሳ ላይ፣ ከአውቶቡሱ መንገድ ገባ ብሎ ባለው ግቢያቸው ተቀምጠው፣ ዕድሜ ልካቸውን ወፍራም የሱፍ ሹራብ ሲሠሩ ኖረዋል። ባለቤታቸው አያ ሞላ የድሮ የጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። ወገባቸው ከተጎዳ ወዲህ በር ላይ ተቀምጠው ይውላሉ፤ የሚስታቸውን ንቀት የማይፈሩትም በአገሩ እሳቸው ብቻ ናቸው።

«ቡርቴ፣ በዚህ ሐሩር ይሄን ለማን ነው የምትሠሪው?»

«ለዘመዶቼ።»

«ዘመዶችሽ ምን በደሉሽ?»

ክሩን የሚያገኙት ከሁለት ቦታ ነው። በገበያ ቀን ከደጋ የሚወርዱ ሴቶች የፈተሉትን የበግ ፀጉር ያመጡላቸዋል። እሱ ሲያልቅ ከሰልባጅ ክምር ውስጥ ወፍራም የሱፍ ሹራብ መርጠው ይገዙና ይተረትሩታል። ያጥቡታል፤ የተጠማዘዘው ክር እንዲቃናም ጫፉ ላይ ድንጋይ አስረው አጥሩ ላይ ያንጠለጥሉታል። የማያውቃቸው መንገደኛ ያንን የተንጠለጠለ ድንጋይ ሲያይ መተት ይመስለዋል፤ ክርስቲያኑ ያማትባል፣ እስላሙ «አዑዙ ቢላህ» ይላል፣ ሁለቱም ወደ ማዶ ይሻገራሉ። እትዬ ቡርቱካን ይህን ከውስጥ ሆነው እያዩ ሁለቱንም እኩል ይንቃሉ።

የሚሠሩት ሹራብ ሁሉ የአንድ ዘመን ነው። በንጉሡ መጨረሻ ዓመታት ወልድያ ተማሪ ሳሉ የእጅ ሥራ አስተማሪያቸው ያሳየቻቸው ነው። ወገቡ ጠበብ ይላል፣ አንገቱ ላይ ሰፊ ኮሌታ ይታጠፋል፣ ደረቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጉንጉን ይወርዳል፣ ቁልፎቹ ከወይራ እንጨት የተጠረቡ ናቸው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሞድ ሁሉ በእሳቸው ዓይን ስንፍና ነው። «ማሽን ሲሠራው ሰውዬው የት ሄዶ ነበር?» ይላሉ።

አንድ ሕግ ደግሞ ነበራቸው። ዘመድ ሳይዳረስ ለራስ መጀመር ነውር ነው። ለወንድም ሠሩ፣ ለወንድም ሚስት ሠሩ፣ ለእህት ሠሩ፣ ለእህት ባል ሠሩ። ዘመድ ግን አያልቅም፤ ያገባል፣ ይወልዳል፣ የተወለደውም ያድግና ያለፈው ዓመት ሹራብ ይጠበዋል። ለዒድ ይሰጣሉ፤ ተቀባዩ «ማሻአላህ፣ እጅሽ ይባረክ» ይላል፤ ዒዱ ሲያልፍ ሹራቡ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ይሰቀላል። ሹራብ ምስማር ላይ ሲሰቀል ትከሻው ቀንድ ያወጣል። እትዬ ቡርቱካን የዘመድ ቤት ሲገቡ ከሰላምታ በፊት የሚያዩት የበሩን ጀርባ ነው።

ታናሽ ወንድማቸው አብዱልጀሊል አጥር ለአጥር ጎረቤታቸው ነው። ከቻይና የሚመጣ ጃኬትና ካፖርት ይነግዳል፤ እሱን የሚንቁት ደግሞ በተለየ ፍቅር ነው።

«አብዱልጀሊል፣ ይሄ ምንድነው?»

«ሹራቡ ነዋ እታለም።»

«ሹራብ መሆኑንማ አውቃለሁ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። ምን አጥፍቶ ተሰቀለ ነው የምልህ።»

«ኧረ ወላሂ ይኮሰኩሳል!»

«የሚኮሰኩሰው ቆዳህ ነው። ናይሎን ስትነካ እየዋልክ የሰው መሆኑን ረሳ።»

በሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ሰኔ ላይ ዘመድ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀ። ሹራብ ያላገኘ የተወለደም ያደገም አልነበረም። እትዬ ቡርቱካን ወደ ስድሳ እየተጠጉ ነበር። ከሳጥናቸው ሥር እናታቸው ደሴ ፎቶ ቤት የተነሱትን ፎቶ አወጡ፤ እናታቸው ያንን ባለ ሰፊ ኮሌታ ሹራብ ለብሰው ቀና ብለው ቆመዋል። ለብዙ ዓመት ያስቀመጡትን ጥሩ የደጋ ሱፍ ጥቁር አረንጓዴ አስቀልመው፣ በር ላይ ከአያ ሞላ ጎን ተቀመጡ።

«ይሄኛው የማነው?» አሏቸው አያ ሞላ።

«የኔ።»

አያ ሞላ ፈቀቅ ብለው ብርሃኑን ለቀቁላቸው።

ጀርባው ተሠርቶ አለቀ፤ የፊቱ ግራና ቀኝ አለቀ። ነሐሴ ላይ ጦርነቱ መጣ።

የወልድያ መንገድ በሰው ተሞላ፤ በማግስቱ የመርሳም ሰው ተነሣ። አብዱልጀሊል ያገኘው አይሱዙ ላይ ሚስቱን፣ ሌላዋን እህቱን፣ የእሷን ባልና ልጆቹን ሁሉ ጫነ። ቴሌቪዥኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መሐል ላይ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል።

«እታለም ተነሺ፤ መኪናው አይጠብቅም!»

«ሞላን በምን ላስቀምጠው? ወገቡ ደሴ ሳይደርስ ለሁለት ይሰነጠቃል።»

«እዚህ ለማን ጥዬሽ ልሂድ?»

«ለአላህ። አንተ ብትቀር ምን ታደርግልኛለህ? ካፖርት ትሸጥላቸዋለህ?» ከዚያ መኪናውን ዙሪያውን ተመለከቱ። «ሹራባችሁስ?»

«ምን?»

«ሹራባችሁ የት አለ?»

«እታለም፣ ጦርነት እኮ ነው!»

«ሰምቻለሁ። ቴሌቪዥኑ ይሞቃችኋል?»

መኪናው ሲንቀሳቀስ አብዱልጀሊል እያለቀሰ የሁሉንም ቤት የበር ቁልፍ ጣለላቸው። እሳቸው አላለቀሱም። አቧራው ሳይረግፍ በየቤቱ ገብተው ከየበሩ ጀርባ ሹራብ መልቀም ጀመሩ። አንዳንዱ ትከሻው ቀንድ አውጥቷል፤ አንዱን አይጥ ቀምሶታል፤ አንዱ ላይ ሕፃን ታዝሎበት ኖሮ የሽንት ጠረን ይዟል። ሁሉንም በማዳበሪያ ጆንያ ሞልተው ሲመለሱ አያ ሞላ ከበር ላይ አዩዋቸው።

«አገር እየፈረሰ አንቺ የሰው ሹራብ ትለቅሚያለሽ?»

«የሰው አይደለም፤ የኔ ነው። ሰዎቹማ ጥለውት ሄዱ።»

ጆንያውን አልጋ ሥር አስገቡት። አረንጓዴውን ግን አልደበቁትም፤ አሁንም በር ላይ ተቀምጠው ይሠሩታል። ቀጥሎ በመጡት ወራት ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ወፍጮ የለም። በቆሎ እየጠበሱ፣ ሲገኝ ንፍሮ እየቀቀሉ ኖሩ። «ሁሉም ነገር ሲቆም ሹራቡ ብቻ ነበር የሚያድገው» ይላሉ አያ ሞላ።

ከተማዋን የያዙት ታጣቂዎች የአብዱልጀሊልን ቤት ከፍተው ገቡበት። አለቃቸው ጢሙ ሸበት ያለ፣ ረጅም፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነበር። ስሙን ማወቅ ክብር መስጠት መስሎ ስለታያቸው እትዬ ቡርቱካን ጠይቀውት አያውቁም፤ እስከ ዛሬ «ያ ሰውዬ» ነው። ጠዋት ጠዋት በአጥሩ ላይ አንገቱን ብቅ አድርጎ «እንደምን አደሩ እናቴ» ይላቸዋል። እሳቸው ግንቡ የተናገረ ያህል እንኳ ዞር አይሉም።

እስከ ኅዳር ድረስ አንድ ቀን ብቻ መለሱለት። አዲስ ካፖርት ለብሶ ብቅ አለ፤ የፋብሪካው ወረቀት ገና አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ቡርቱካን ካፖርቱን አወቁት።

«ይሄ የወንድሜ ሱቅ ካፖርት ነው» አሉት።

ሰውዬው አፈረ። «አላወቅኩም እናቴ፤ ልጆቹ ናቸው ያመጡልኝ።»

«ሙሉ ሱቅ ተከፍቶላቸው እንኳ የመረጡልህ ይሄን ነው? አይ፣ እንኳን ወሰድክልኝ። ዝናብ ሲነካው ታስታውሰኛለህ።»

አያ ሞላ ያን ቀን ይገድሉናል ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሰውዬው ግን ራሱን ዝቅ አድርጎ ሄደ። በሌላ ቀን ካፖርቱ አልታየበትም፤ ጠዋት ሰላም ሲላቸው በስስ ሸሚዝ ነበር።

ኅዳር ላይ አረንጓዴው ሹራብ አንድ እጅጌ ብቻ ቀረው። ታጣቂዎቹ ወደ ደጋው ሊወጡ ነው የሚል ወሬ በሰፈሩ ተሰማ። ከዚህ በኋላ የሆነውን እትዬ ቡርቱካን ለዘመድ ሁሉ የተናገሩት እንዲህ ነው።

ሰውዬው በዚያ ሳምንት ገባ። መሣሪያውን እንዳነገተ ከፊታቸው ቆመና ሹራቡን ስጡኝ አለ። አላለቀም አሉት። እንዳለ ስጡኝ አለ። አንድ እጅ ነው ያለው አሉት። ግድ የለም አለ፤ ከጉልበታቸው ላይ ነጥቆ ወጣ። እትዬ ቡርቱካን በሩ ድረስ ተከትለው «ሂድ! አንዱን እጅህን ውርጭ ይብላልኝ!» ብለው ጮኹበት። በማግስቱ ጠዋት ታጣቂው አለቃ ባለ ጠባብ ወገብ፣ ባለ ሰፊ ኮሌታ፣ ባለ አንድ እጅጌ የሴት ሹራብ ለብሶ ጭፍራውን እየመራ ወደ ደጋ ወጣ።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ተከፈተ፤ ዘመዶች መመለስ ጀመሩ። ደሴ ሲደርሱ ደሴም አላስቀመጠቻቸውም ነበርና እስከ ደብረ ብርሃን ሸሽተዋል። እዚያ ሸራ ሥር ተኝተው፣ በዚያ ውርጭ፣ በአንድ የእርዳታ ብርድ ልብስ ውስጥ እንደ ቡችላ ተደራርበው ማደራቸውን ተራ በተራ አወሩ። እትዬ ቡርቱካን ፊታቸው ላይ ምንም ሳይታይ አዳመጧቸው።

«ቴሌቪዥኑስ?» አሉ ሲጨርሱ።

«ደሴ ላይ ቀረ» አለ አብዱልጀሊል።

እትዬ ቡርቱካን ተነሥተው ጆንያውን ከአልጋው ሥር ጎተቱ። አንድ በአንድ እያወጡ በየባለቤቱ ጭን ላይ ወረወሩ። «እንካ። እንኪ። ይኮሰኩሳል፤ ተጠንቀቁ።» ሰዎቹ እዚያው መርሳ ላይ፣ በቀትር፣ ላብ ፊታቸው ላይ እየወረደ ሹራባቸውን ለበሱ። አንድም ሰው ደፍሮ ሞቀኝ አላለም።

«ያንቺስ?» አለ አብዱልጀሊል በመጨረሻ። «አረንጓዴው?»

ባለ አንድ እጅጌውን ታሪክ ያን ጊዜ ነው የተናገሩት። ዘመዶቹ ከስደት ከተመለሱ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። አብዱልጀሊል እንባው እስኪወርድ ሳቀ፤ ሱቁ ባዶ ነው፣ ቤቱ ወናውን ነው፣ እሱ ግን «አንድ እጅ! አንድ እጅ!» እያለ ጉልበቱን ይመታል።

ወሬው መርሳ አልቆመም። ወልድያ ሲደርስ ሰውዬው ኮሎኔል ሆኗል። ሐራ ገበያ ላይ እትዬ ቡርቱካን በጥፊ መትተውታል፤ ሌላ ቦታ ደግሞ እጅጌውን በመቀስ ቆርጠው የሰጡት እሳቸው ናቸው። አይተዋቸው የማያውቁ ሰዎች መንገድ ላይ «ጀግናችን!» ይሏቸዋል። አብዱልጀሊል ሱቁን እንደገና ሲከፍት መጀመሪያ ካመጣው ዕቃ አንድ ቀይ ሹራብ በስጦታ ወረቀት ጠቅልሎ ሰጣቸው። «ላጣሽው ምትክ ነው እታለም።» ወረቀቱን ፈቱ፤ ጫፉን አሹ፤ ጣታቸውን ጠረጉ።

«ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉት።

እኔም ሕይወታቸውን ልጽፍ ሄጄ የሰማሁት ታሪክ ይኸው ነበር። ከአፋቸው እየተቀበልኩ ሳለ አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው።

«እትዬ፣ ያላለቀ ሹራብ ከመሥሪያ እንጨቱ ከወጣ ይተረተራል፤ ሲነጥቅዎት መሥሪያው አብሮ ሄደ?»

እትዬ ቡርቱካን እጃቸው ላይ የነበረውን ክር ጠመጠሙ፤ ፈቱት፤ እንደገና ጠመጠሙት። አያ ሞላ ከበሩ ላይ ሳይዞሩ ሳቁ።

«ንገሪያት እንጂ! እኔ እንደሆነ አይቻለሁ።»

«አንተ ዝም በል፤ ወገብህን ብቻ ጠብቅ» አሏቸው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እነግርሻለሁ፤ ግን አትጽፊውም። ሌላውን ሁሉ ጻፊ። ስድቤን ጻፊ፣ ንቀቴን ጻፊ፣ ወንድሜን ምን ያህል እንደምንቀው ጻፊ። ይሄን ተይው። ሱቁ የተዘረፈበት ወንድሜ የሳቀው በዚህች ወሬ ነው፤ እሷንም ልቀማው? ደግሞ ሰው ቢሰማ ምን ይለኛል?»

እውነቱ እንዲህ ነው፤ ሰውዬው በዚያ ሳምንት ገብቶ ነበር። መሣሪያውን ግን ውጭ አጥሩ ላይ አስደግፎት ነው የገባው፤ ከጥቂት ቀን በኋላ እንወጣለን፣ ደህና ሁኑ ልበላችሁ ብዬ ነው አለ። እትዬ ቡርቱካን ሥራቸውን ቀጠሉ። እሱም ዓይኑን ሹራቡ ላይ አድርጎ «ልየው?» አላቸው። በንቀት ወረወሩለት፤ ያንተ ዓይን ምን ያውቃል አሉት። ሰውዬው መሬት ላይ ተቀመጠና ሹራቡን ገለበጠው። የውጭውን ትቶ የውስጡን፣ ክሩ የሚታሰርበትንና የሚደበቅበትን፣ በጣቱ እየተከተለ አየ። ትከሻው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«የተጋጠመው የት ላይ ነው?» አላቸው። «አይታይም እኮ።»

ያንን ሁሉ ዓመት፣ ያንን ሁሉ ዘመድ ሲያለብሱ፣ ሹራባቸውን ገልብጦ ያየ ሰው አልነበረም። ሰውዬው ስጡኝ አላለም። ሹራቡን አጣጥፎ ጉልበታቸው ላይ መልሶ አስቀመጠና ወጣ።

ታጣቂዎቹ ሲወጡ ሹራቡ ሁለት እጅጌ ነበረው። እትዬ ቡርቱካን ሰውዬውን አጥሩ ጋ ጠርተው ክንዱን አስዘረጉትና ለኩት፤ የመጀመሪያውን እጅጌ በልኩ አስረዘሙ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው ሠሩ። የጠበበውን ወገብ ተርትረው አሰፉት። የወይራውን ቁልፍ ተከሉለት። ለራሳቸው የጀመሩትን ያንን ብቸኛ ሹራብ፣ ሰውዬው ሊወጣ ሲል፣ በሁለት እጃቸው ሰጡት።